ውኃው ሲሸሽ የሚደምቀው ሐይቅ

የቆቃን ሐይቅ ክረምቱ ሲወጣ ጢም ብሎ የሚያየው ሰው «የውኃ ወፎች ድግስ አሁን ነው» ቢል አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 አዋሽ ለኤሌክትሪክ ኃይል ተገድቦ የተፈጠረው ይህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በወፍ ዓይነት የሚደምቀው ሲሞላ ሳይሆን ሲጎድል፣ በበጋው ወራት ነው። ምስጢሩ ያለው እግርና ምንቃር ላይ ነው። ብዙዎቹ የውኃ ወፎች ቆመው የሚለቅሙ እንጂ የሚዋኙ አይደሉም። ከሩሲያ ሰሜናዊ ጫፍ የምትመጣ፣ 30 ግራም አካባቢ የምትመዝን አንዲት የዳርቻ ወፍ ቀለቧን የምትሰፍረው ከእርጥብ ጭቃ ላይ ነው፤ ውኃው ከጠለቀባት ጦሟን ታድራለች። ባለ ቢጫ ምንቃሩ ትልቅ ወፍ ደግሞ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ምንቃሩን ከፍቶ ውኃ ውስጥ ይነክራል፤ ዓሣ ሲነካው ቶሎ ይከድነውና ራሱን ቀና አድርጎ ይውጣል። ፔሊካን ከሁለቱም አልፎ እየዋኘ ያጠምዳል። ሐይቁ በሸሸ ቁጥር ለእያንዳንዱ የሚመጥን ገበታ ይዘረጋል።

«በበጋ ወፍ የሚበዛው የአውሮፓና የእስያ ብርድ ስደተኞቹን ስለሚያባርራቸው ነው እንጂ ውኃው ስለጎደለ አይደለም» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ስደተኞቹ መምጣት የሚጀምሩት በመስከረም ግድም ነው። ብርዱ ግን የሚነግረን ለምን እንደተነሡ እንጂ የት እንደሚያርፉ አይደለም። በዚያው ወር፣ በዚያው ሐይቅ፣ ጥልቁ መሐል ጭር ሲል ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ይጨናነቃል። ባሕር ተሻግረው የማያውቁ የአገር ወፎችም በየመስኩ ያለው ኩሬ ሲደርቅ ወደዚሁ ዳር ይሰበሰባሉ።

«እንግዲያው ውኃው ይበልጥ ቢለቀቅ ይሻላል» ማለትም አያስኬድም። ሐይቁ በጥድፊያ ከተለቀቀ ጭቃው ሳይለቀም ይደርቃል፤ ዓሣውም መራቢያ ያጣል። ጥቅሙ ቀስ ብሎ በመሸሹ ላይ ነው። ይህን ዳርቻ የሚሻሙትም ብዙ ናቸው፦ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚተክለው ገበሬ፣ ከላይ የሚወርደው ደለል፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) እዚሁ የታየው እምቦጭ። ስለዚህ የቆቃን ወፎች በአንድ ወቅት ብቻ ቆጥሮ መፍረድ ገበያን በሰንበት ጎብኝቶ «ሰው የለም» እንደማለት ነው። ቆጠራው በክረምትም በበጋም ይሁን፤ ከዳርቻውም ማረሻ የማይነካው ጠባብ ድርሻ ለወፎቹ ይቅርላቸው።