ያገለገለ መርፌ በቤትና በትምህርት ቤት

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ኢንሱሊን በቀን ሁለት ጊዜ የሚወጋ ከሆነና ሁልጊዜ አዲስ መርፌ ከተጠቀመ፣ በዓመት 730 መርፌ ይጥላል። በሆስፒታል ለዚህ የተለየ መጣያ አለ። በቤት ግን መርፌው ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር በፌስታል ተቋጥሮ ይወጣል፤ የሚረከበውም ማዳበሪያ ከረጢት በጀርባው የሚሸከም ቆሻሻ ሰብሳቢ ነው።

ደም የነካ መርፌ ሲወጋን በብዛት የምንፈራው ኤች አይ ቪን ነው። ሆኖም ቫይረሱ ባለበት ሰው መርፌ ከተወጉ 1000 ሰዎች የሚያዙት 3 ያህሉ ናቸው። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ ግን ካልተከተቡ 100 ሰዎች ከ6 እስከ 30 የሚሆኑትን ሊይዝ ይችላል፤ ቫይረሱም ከሰውነት ውጭ 7 ቀን ያህል ይቆያል። በኢትዮጵያ የዚህ በሽታ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድን መምህራን በልጅነታችን አላገኘነውም።

አንዳንዶች «አቃጥለን እንገላገላለን» ይላሉ። የፊዚክስ ባልደረቦቻችን እንደሚያስረዱት መርፌው የተሠራበት ብረት የሚቀልጠው በ1400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ የጓሮ እሳት ከዚያ አይደርስም። ፕላስቲኩ ጎረቤቱን በጢስ ካስቸገረ በኋላ መርፌው በአመዱ ውስጥ ይቀራል። አመድ ደግሞ በየቤታችን እንዲሁ አይጣልም፤ ድስት ይፈተግበታል፣ በጎመን መደብ ላይ ይበተናል። ጀርሙ በእሳቱ ቢሞት እንኳ ስለቱ አይሞትም። ሽንት ቤት መክተትም ያው ነው፤ ጉድጓዱ ሞልቶ የሚጠረግበት ቀን ይመጣል።

የሚሻለው ወፍራም ፕላስቲክ ነው፤ ለምሳሌ ክዳኑ የሚጠመዘዝ የበረኪና ዕቃ። የውሃ ሃይላንድ አይሆንም፤ ስስ በመሆኑ ይበሳል። ከዚህም በላይ ባዶ ሃይላንድ እንደ ንብረት የሚታይ ነው፤ ልጆች ይለቅሙታል፣ ቆራሌው ይወስደዋል፣ ታጥቦም ውሃ ይቀዳበታል። በበረኪናው ዕቃ ላይ «መርፌ አለበት፤ አይከፈት» ብሎ መጻፍና ሕፃን ከማይደርስበት ማኖር ይገባል። እንደተወጉ ወዲያው ስለቱን ወደ ታች አድርጎ መክተት ነው። መርፌውን መልሶ መክደን ጥንቃቄ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ጣቱን የሚወጋው ግን ያን ጊዜ ነው። ዕቃው ሦስት አራተኛው ሲሞላ ክዳኑ በፕላስተር ይታሸግና ማቃጠያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰዳል። ከቤት የመጣውን ይቀበሉ እንደሆነ፣ መድኃኒት ለመውሰድ በሚኬድበት ቀን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ወደ ትምህርት ቤታችን እንመለስ። ኢንሱሊን የሚወጋ ተማሪ ጓደኞቹን አፍሮ ምሳ ሰዓት ሽንት ቤት ከተደበቀ፣ መርፌው የሚቀረው እዚያው ነው። ነገ የምትጠርገው ተረኛ ተማሪ ናት። ልጁን ከመቆጣት ይልቅ በዩኒት ሊደሩ ቢሮ አንድ ጥግና አንድ የበረኪና ዕቃ ብንሰጠው ችግሩ ያልቃል። ይህን ያህል ቀላል ነገር ለምን እንደማናደርገው እኛም ይገርመናል።

ጠራጊዋ ከተወጋች ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ማጠብ ነው፤ አይጨመቅም፣ አይመጠጥም፣ አረቄም ሆነ በረኪና አይፈስበትም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና 28 ቀን መወሰድ አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢጀመር ደግሞ ይበልጥ ይረዳል። ለሄፓታይተስ ቢ መከተቧንም የጤና ባለሙያው እንዲያጣራ መጠየቅ ይገባል።