ከተልተሌ ቪዛ ለምትጠይቁ፦ ወረቀታችሁ ከቀበሌ ይጀምራል

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ለጉብኝት ወይም ለንግድ ቪዛ ምን ምን ወረቀት ልያዝ?» ዝርዝሩ በየኤምባሲው ድረ ገጽ አለ፤ እዚህ ብደግመው ብዙ አይጠቅማችሁም። መጻፍ የፈለግሁት ዝርዝሩ ስለማይነግራችሁ ነገር ነው።

የኤምባሲ ዝርዝር የሚያስበው ደመወዙ በየወሩ ባንክ ስለሚገባለት፣ የልደት ቀኑ ሲወለድ ስለተመዘገበለት፣ ቤቱ ካርታ ስላለው ሰው ነው። ከቦረናዋ ተልተሌ የሚነሳው ነጋዴ ሀብቱ ከብት ነው። ከፊሉ ፎራ (ሩቅ ግጦሽ) ወጥቷል፣ ከፊሉ በዳባሬ (በውሰት) ዘመድ ቤት እየታለበ ነው። የሚያሰማራበት መሬት የጋራ ስለሆነ በስሙ የወጣ ካርታ የለውም። በሬ ሲሸጥ ገንዘቡን በእጁ ተቀብሎ እዚያው ገበያ ላይ ጊደር ይገዛበታል። ይህ ሰው ድሃ አይደለም፤ ቃሉን የሚመሰክርለትም ሞልቷል። ቪዛ የሚሰጠው ሰው ግን ሽማግሌ አስቀምጦ አይጠይቅም። ፊቱ ያለውን ወረቀት አይቶ ይወስናል። ስለዚህ የእኛ አገር ሰው የቪዛ ዝግጅት ኤምባሲ በር ላይ አይጀመርም፤ ቢያንስ ከዓመት በፊት፣ ቀበሌ ላይ ይጀመራል።

መጀመሪያ ስም። አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ይጻፋል፤ ፓስፖርት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስማችን ከአማርኛው ተገልብጦ ይሰፍራል። ጉዮ የሚባል ሰው በትምህርት ቤት ሰርተፍኬቱ ላይ በሁለት ዋይና በሁለት ኦ፣ በፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዋይና በአንድ ኦ ሊጻፍ ይችላል። ዲዳ በሁለት አይ ወይም በአንድ፣ ዳዳቻ በዲ ኤች ወይም በዲ ብቻ ይሆናል። እኛ ስንሰማው አንድ ስም ነው፤ ለቪዛ መርማሪው ግን ሁለት ሰው ነው። ፓስፖርት ገና ያላወጣችሁ ካላችሁ የልደት ምስክር ወረቀታችሁ፣ የፋይዳ መታወቂያችሁና የባንክ ደብተራችሁ በፊደል አንድ መሆናቸውን አሁኑኑ አረጋግጡ፤ ከተለያዩ ፓስፖርት ከመጠየቃችሁ በፊት አስተካክሉ። ፓስፖርቱ የወጣ ከሆነ ደግሞ እሱ ገዢ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ወደ እሱ አምጡ። ፎርም ላይ «የቤተሰብ ስም» ሲባል ለሚቸገሩም አንድ መላ አለ። የፓስፖርቱ ፎቶ ገጽ ግርጌ ላይ ካሉት ሁለት መስመሮች የላይኛውን እዩ። ከአገሩ ምልክት ቀጥሎ፣ ሁለት ተከታታይ የቀስት ምልክቶች ከመምጣታቸው በፊት ያለው ስም እንደ ቤተሰብ ስም የተያዘላችሁ ነው። ፎርሙ ላይም እንደዚያው ይሞላል። ሚስት በእኛ ባህል የባሏን ስም ስለማትወስድ አብረው ለሚያመለክቱ ባልና ሚስት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ግድ ነው፤ ያለ እሱ ዝምድናቸውን የሚያሳይ ነገር የለም።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠር። በእኔ ዓይን የሰውን ፋይል ከምንም በላይ የሚያበላሸው ይህ ነው። ግንቦት 10 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ሜይ 18 ቀን 1993 ተወለደ ማለት ነው። ቀበሌ ላይ ግን 10/9/1985 ተብሎ ይጻፍለታል፤ ግንቦት ዘጠነኛ ወራችን ነውና። ያንን ቁጥር ያለ ልወጣ ፎርም ላይ ያሰፈረ ሰው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1985 ተወለድኩ አለ፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አረጀ። በንግድ ፈቃድም ያው ነው። በ2017 ዓ.ም. የታደሰ ፈቃድ ሳይተረጎምና ሳይለወጥ ከገባ፣ የሚያነበው የውጭ ዜጋ ከዓመታት በፊት ያበቃ ፈቃድ አድርጎ ያየዋል። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈውን ወረቀት ሁሉ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ አስተርጉሙ። ትርጉሙ ላይ ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ የአውሮፓው አቆጣጠር እንዲሰፍር በግልጽ ጠይቁ፤ ከተርጓሚው ቢሮ ሳትወጡም ራሳችሁ ቁጠሩት።

የልደት ቀናቸው የማይታወቅ አባቶችና እናቶች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቦረና ዕድሜውን የሚቆጥረው በአባ ገዳ ዘመን ነበር፤ ዛሬም አዛውንቶቻችን እንደዚያ ይነግሩናል። «በጂሎ አጋ ዘመን ተወለድኩ» ያለ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1984 ባለው ውስጥ መሆኑ ይታወቃል፤ ቀኑን ግን አንድ ጊዜ ወስኖ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ችግር የሚመጣው ሰውየው ለቀበሌ አንድ ዕድሜ፣ ለባንክ ሌላ፣ ለፋይዳ ሦስተኛ ሲናገር ነው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ ውጭ የሚሄዱ ወላጆች ያሏችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ከታላላቆች ጋር ተነጋገሩና በአንድ ቀን ተስማሙ። የአባት ዕድሜ ከበኩር ልጁ ዕድሜ ጋር መስማማቱንም አስሉ።

አሁን ወደ ከብቱ ልምጣ። ሀብታችሁን ወረቀት ላይ ማስፈር የሚቻለው ቀስ በቀስ ነው። ኤልዋዬም ሆነ ዱብሉቅ ገበያ በሬ ስትሸጡ ገዢው ገንዘቡን በባንክ እንዲያስተላልፍላችሁ ጠይቁ። ከአዳማ አካባቢ ለሚመጡት አድላቢዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የንግድ ፈቃድ አውጡ፤ በየዓመቱ አድሱ፤ ግብራችሁን ከፍላችሁ ክሊራንስ ያዙ። የቲን ነምበራችሁ፣ የፈቃዱና የባንክ ሒሳቡ ስም አንድ ይሁን። ከተማ ውስጥ ቤት ካላችሁ ካርታውን ጨምሩ። ለእንስሳት የሚገባው መድን ቦረና ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ፤ የገዛችሁ የውሉን ወረቀት አትጣሉ፤ መንጋ እንዳላችሁ የሚጠቁም፣ በሦስተኛ ወገን የተጻፈ ወረቀት ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሉት ነገር፦ ይህ ሰው እዚህ የሚጠብቀው ሥራና ንብረት አለው፣ ይመለሳል። መርማሪው ከሁሉ በላይ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

የባንክ ስቴትመንት ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት የሚያሳይ ነው። ለአምስት ወር ባዶ ቆይቶ በስድስተኛው ወር ግማሽ ሚሊዮን ብር የገባበት ሒሳብ ከባዶ ሒሳብ የባሰ ጥርጣሬ ያመጣል፤ ገንዘቡ ለማሳያ የተበደሩት ይመስላል። በእውነት በሬ ሸጣችሁ ያስገባችሁት ከሆነ የሽያጩን ውልና የገዢውን የንግድ ፈቃድ ቅጂ አያይዙ። ሌላም አለ፦ እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ያኔ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የድሮ ሰው «ይህን ያህል ብር ነበረኝ፣ ቪዛ ሰጡኝ» ቢላችሁ ያ ቁጥር ዛሬ አይሠራም። የጉዞውን ወጪ በዛሬው ምንዛሬ አስሉት።

ስለ ድርቁ ሳልናገር አላልፍም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈብን፤ ቦረና ያጣው ከብት ይታወቃል። በዚያ ጊዜ ፈቃዱን ያላደሰ፣ ሒሳቡ የደረቀ ነጋዴ ብዙ ነው። ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። ከማመልከቻው ጋር በሚያያዘው ደብዳቤ ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ በድርቁ ይህን ያህል ከብት አጣሁ፣ ሥራዬን ከዚህ ወር ጀምሮ መልሼ አቆምኩ። ክፍተቱን ራሱ ያስረዳ ሰው ይታመናል፤ ክፍተቱን መርማሪው ራሱ ካገኘው ግን ማስረዳት ከባድ ነው።

በአካባቢያችን ብዙ ሰው የማያስበውን አንድ ጥቅም ልንገራችሁ። ኬንያ ለመግባት ኢትዮጵያዊ ቪዛ አያስፈልገውም። እንዲያም ሆኖ ወደ ናይሮቢ የሚነግዱ ዘመዶቻችን ብዙዎቹ በእግር መንገድ ስለሚሻገሩ ፓስፖርታቸው ባዶ ነው። ሞያሌ ላይ ሁለቱ አገሮች በጋራ የሚሠሩበት የድንበር ኬላ እ.ኤ.አ. በ2020 ተመርቋል። በዚያ በኩል ፓስፖርት አስመትታችሁ ግቡ፣ አስመትታችሁ ውጡ። የመግቢያና የመውጫ ማኅተም ያለበት ፓስፖርት «ይህ ሰው አገር ወጥቶ በጊዜው የሚመለስ ነው» የሚል ምስክርነት ነው። ከዚህ የረከሰ ማስረጃ የለም፤ ደጃችን ላይ ነው።

አውሮፓ ለምትሄዱ፣ ጊዜውን በደንብ አስሉት። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2024 በኢትዮጵያ ዜጎች ላይ ገደብ ጥሏል። ምክንያቱ ያለ ፈቃድ እዚያ የቆዩ ዜጎችን በመመለስ ረገድ መንግሥታችን በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። በዚህ ውሳኔ መሠረት መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ወጣ፤ ተመላልሶ መግቢያ ቪዛ አይሰጥም፤ ከሰነድ ምንም ማቅለያ የለም። ስለዚህ አንድም ወረቀት አጉድላችሁ «ይታለፍልኛል» አትበሉ። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ወር ሲቀር ግቡ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። የጉዞ የጤና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ፓስፖርቱ ከመመለሻችሁ ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የአውሮፕላን ቲኬት ቦታ ማስያዣ ብቻ ይበቃል፤ ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ሙሉ ዋጋ አትክፈሉ። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ በአካል መቅረብ አይቀርም፤ ከያቤሎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ስለዚህ ቀጠሮው ዋዜማ ላይ አትነሱ፤ ከሁለት ቀን በፊት ግቡ።

አሜሪካ ለየት ይላል። ዲኤስ-160 የሚባለውን ፎርም በኢንተርኔት ሞልታችሁ፣ 185 ዶላር ከፍላችሁ ቃለ መጠይቅ ትቀርባላችሁ። እዚያ ብዙ ጊዜ ወረቀታችሁን ሳያገላብጡ ነው የሚወስኑት። በሕጋቸው አመልካች ሁሉ ሊቀር የመጣ ተደርጎ ይታያል፤ የሚመለስ መሆኑን ማሳመን የአመልካቹ ድርሻ ነው። ስለዚህ ፎርሙ ላይ የተጻፈውን በቃላችሁ እወቁት። ሌላ ሰው ሞልቶላችሁ እናንተ ያላነበባችሁት ፎርም ዋጋ ያስከፍላል። አማርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚቀልላችሁ ከሆነ ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከመንተባተብ ይሻላል።

የግብዣ ደብዳቤ በንግድ ቪዛ የፋይሉ ወገብ ነው። ጋባዡ ድርጅት አድራሻውን፣ የምዝገባ ቁጥሩን፣ የምትሄዱበትን ጉዳይ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደምትቆዩና ወጪውን ማን እንደሚችል መጻፍ አለበት። ከእናንተ የንግድ ፈቃድ ጋርም መገናኘት አለበት። ፈቃዱ የቁም እንስሳት ንግድ ሆኖ ግብዣው ለኤሌክትሮኒክስ አስመጪ ከሆነ አንዱ ውሸት ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ በጣም የሚያመኝን ልናገር። ፓስፖርትና ገንዘብ ተቀብሎ «ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ» የሚል ደላላ ያቤሎም ሞያሌም አለ። ከሌለ ድርጅት የሥራ ደብዳቤ፣ ከሌለ ሒሳብ ስቴትመንት ያዘጋጃል። ሲያዝ የሚቀጣው እሱ አይደለም። አሜሪካ በሐሰት ሰነድ የጠየቀን ሰው ለዕድሜ ልክ መከልከል ትችላለች፤ እንግሊዝ ለ10 ዓመት ትዘጋለች፤ የአውሮፓ አገሮች መዝገብ አንድ ስለሆነ አንዱ ጋ የቀረበው በሁሉም ይታያል። ያልተሟላ እውነተኛ ፋይል ቢከለከል በዓመቱ ተሟልቶ ተመልሶ ይገባል። የሐሰት ፋይል ግን መመለሻ የለውም።

በጉብኝት ቪዛ ለሥራ መሄድም እንዲሁ ነው። ሥራ ፈላጊ ከሆናችሁ መንገዱ በአዋጅ የተዘረጋው ሕጋዊ የውጭ አገር የሥራ ስምሪት ነው። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ ተደብቆ የሚሠራ ሰው ደመወዙን ቢከለከል የሚከስበት ውል የለውም። በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወጣውን የጨለማ መንገድ ደግሞ አታስቡት። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ በአንድ ኮንቴይነር የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኝቷል።

በሚቀጥለው ዓመት የምትጓዙ ካላችሁ በዚህ ወር ሁለት ነገር ብቻ አድርጉ፦ ፓስፖርታችሁ መቼ እንደሚያበቃ እዩ፤ ያሏችሁን ወረቀቶች ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስምና የልደት ቀን አስተያዩ። የማይገናኝ ነገር ካገኛችሁ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ፤ አንድ ሳንቲም አልቀበልም። ወረቀታችሁን ፎቶ አንስታችሁ ግን ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። የፓስፖርት ገጽና የባንክ ስቴትመንት የአጭበርባሪ ሲሳይ ነው። ጥያቄውን ብቻ ጻፉ።