ዲግሪዬን ይዤ ፍግ ላዝቅ ጃፓን ሄድኩ

«ኢኮኖሚክስ ያስተማርኩሽ ሰው አገር ሄደሽ ፍግ እንድትዝቂ ነው?»

እናቴ ናት። ስልኩ ላይ ግማሽ ፊቷና ግማሽ ጣሪያ ይታየኛል። እሷ ጋ ገና ከሰዓት ነው፤ እኔ ጋ መሽቷል። ያለሁት ከቶኪዮ በስተሰሜን፣ ቶቺጊ በሚባለው ግዛት፣ አንድ የገጠር እርሻ ላይ ነው። መልስ አልነበረኝም። እጄ ታጥቦ ታጥቦ አሁንም ይሸታል፣ ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል፤ በዚያ ላይ ያለችው እውነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተመረቅኩ በኋላ ሁለት ዓመት ሥራ ስፈልግ ቆየሁ። በመሃል አጫጭር የኮንትራት ሥራዎች ሠራሁ፣ ለድረ ገጾች ጻፍኩ፣ ሲቪ በተንኩ። አንድ ቀን ጓደኛዬ የበጎ ፈቃደኞች ማስታወቂያ ላከችልኝ፦ ስምንት ወር በኦርጋኒክ እርሻ ላይ እየሠራችሁ ትሠለጥናላችሁ፤ ማደሪያና ምግብ አለ፣ ደመወዝ የለም። ሞላሁት። እውነቱን ልንገራችሁ? ስሞላው የታየኝ እርሻው ሳይሆን ጃፓን ነው። ተቀባይነት ሳገኝ ደግሞ «ልረዳ ነው የምሄደው» ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። በጎ ፈቃደኛ ማለት ሰጪ ማለት መስሎኝ!

«ገበሬ ነሽ አይደል?»

ሚያዝያ ውስጥ ደረስኩ። ብርዱ የአዲስ አበባን ሐምሌ ያስንቃል። ሠልጣኞቹ ከእስያም ከአፍሪካም የመጡ ናቸው። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲሰሙ ሁሉም በአንድ አፍ «እናንተማ እርሻ ታውቃላችሁ!» አሉኝ። እኔ ኮተቤ ተወልጄ ያደግኩ ልጅ ነኝ። የጤፍ ዋጋ ለምን እንደሚንር በግራፍ ላስረዳችሁ እችላለሁ፤ ዶማ አያያዝ ግን አላውቅም።

በመጀመሪያው ሳምንት እጄ ውሃ ቋጠረ። ጠዋት ከቁርስ በፊት ሥራ አለ፤ ዶሮና አሳማ ይመገባል፣ ግቢ ይጠረጋል። ከቁርስ በኋላ ችግኝ፣ አረም፣ ፍግ። በየበሩ ጫማ ማውለቅ ስላለ ቀኑን ሙሉ የቦት ጫማዬን ሳወልቅና ሳጠልቅ እውላለሁ።

ምግቡም የራሱ ታሪክ አለው። የገባሁት በዐቢይ ጾም ነው። ሩዝና አትክልት ስለሆነ «ጾም እዚህ ቀላል ነው» ብዬ ተደሰትኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሚሶ የሚሉትን ሾርባ ግጥም አድርጌ ጠጣሁ። ለካ መረቁ የሚወጣው ከደረቀ ዓሣ ነው! ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ልተወው። እኔ ከሻንጣዬ ሽሮዬን አውጥቼ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ወጥ ቤት ሰው አገኘሁ፤ ምግብ ስትሠሩ ሰው ያናግራችኋል።

የተበላሸው ክምር

ወደዚያች ማታ ልመልሳችሁ። እዚያ «ቦካሺ» የሚሉት ማዳበሪያ አለ። የሩዝ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ የዶሮ ኩስ፣ አፈርና ከሰል የሆነ የሩዝ ገለባ ተደባልቆ ውሃ ይርከፈከፍበትና ተከምሮ ይሸፈናል። ከዚያ በዓይን በማይታዩ ተሕዋስያን ሥራ በራሱ ይሞቃል፤ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በየጊዜው እየተገለበጠ አየር ካገኘ፣ ተራው ብስባሽ ወራት የሚፈጅበትን በሳምንታት ይጨርሳል።

አንዱን ክምር ለእኔ ሰጡኝ። ደረቅ መሰለኝና በግምት ውሃ ጨመርኩ፤ አሁንም ጨመርኩ። ሁለት ቀን ሳልገለብጠው አለፈ። በሦስተኛው ቀን ሽፋኑን ስገልጥ የበሰበሰ እንቁላል ጠረን አፍንጫዬን መታኝ። ያ ክምር ለቲማቲምና ለኪያር መደብ የታሰበ ነበር፤ ፉርሽካውን ሌሎቹ ለሳምንታት ያጠራቀሙት ነው።

የሚያስተምሩን አዛውንት ገበሬ መጡ። ሁላችንም «ኦጂይሳን» እንላቸዋለን፤ አባባ እንደማለት ነው። አንድ እፍኝ ዘግነው ጨመቁት። ውሃው በጣቶቻቸው መካከል ተንጠባጠበ። «ዳይጆቡ» አሉ፤ ችግር የለም ማለታቸው ነው። ደረቅ ፉርሽካ አምጥተው ያለ አንድ ቃል ቁጣ ከእኔ ጋር ይገለብጡ ጀመር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ልረዳ የመጣሁት ሴትዮ፣ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸውን ሰው ሥራ ጨመርኩባቸው።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። መጀመሪያ ላይ ያነበባችሁትን ተናገረች። እኔም ማልቀስ ስጀምር ድምጿ ተለወጠ። «ቆይ፣ ምን ሆኖ ነው የሸተተው?» ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ፦

«ይሄማ እንደ ብቅል ነዋ! ብቅል ሲበቅል አላየሽም? ነክረሽ፣ አጠንፍፈሽ፣ በኮባ ትሸፍኛለሽ፤ እጅሽን ከተሽ ሙቀቱን ታያለሽ። ውሃ ከበዛበት ይሻግታል። ዝም ብለሽ ውሃ ደፋሽበት አይደል?»

አዎ፣ ደፍቼበታለሁ። ብቅሉ እቤታችን በየዓመቱ ለጠላ ሲበቅል እኔ ጓዳ ገብቼ አይቼ አላውቅም፤ አጥኚ ተብዬ ነዋ! የቀለድኩ እንዳይመስላችሁ፣ ያን ማታ አፈርኩ። ከማግስቱ ጀምሮ እናቴ ስትደውል ስለ ዲግሪዬ መጠየቅ ትታ «ክምሩ እንዴት አደረ?» ማለት ጀመረች። ሁለተኛውን ክምር በእጄ እየጨመቅኩ ሠራሁት፤ ስጨምቀው የሚያዝ፣ በጣት ስነካው የሚፈርስ። ተሳካ። ለመድኩ የምለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ጉልበቴ እስኪመለስ ግን እስከ ሰኔ ቆይቷል።

እዚያ ወጣት የለም፣ እዚህ መሬት የለም

የኢኮኖሚክስ ዓይኔ ሥራ አልፈታም። የጃፓን ገበሬዎች አማካይ ዕድሜ ከ65 ዓመት በላይ ነው። በየመንገዱ ጦም ያደሩ ማሳዎች ታያላችሁ፤ ልጆቹ ከተማ ገብተዋል። እኛ ጋ ደግሞ ወጣቱ ሞልቶ መሬቱ ጠቧል።

ኦርጋኒክ እርሻ ተአምር አይደለም። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ በአንድ ጊዜ ከለከለች፤ ምርቷ ወደቀና በዚያው ዓመት እገዳውን አነሳች። ነገሩ አፈሩንም ገበሬውንም ማለማመድ ይፈልጋል። በሌላ በኩል እኛ የኬሚካል ማዳበሪያ የምናስገባው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የዩክሬን ጦርነት ሲነሳ ዋጋው የት እንደደረሰ ገበሬው ያውቃል። ደግሞም ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ትግራይ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር የብስባሽ ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ ከአስጀማሪዎቹ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ይገኙበታል። የኦርጋኒክ ግብርና አዋጅም ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ አለን፤ ቁጥሩ 488 ነው። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ጃፓን ሄጄ ነው፤ ይገርማል አይደል?

ከመሙላታችሁ በፊት

«እኛስ እንዴት እንሂድ?» ለምትሉኝ፣ እነዚህን ሳትጠይቁ አትሂዱ።

አንደኛ፣ ይሄ ሥራ አይደለም። ገንዘብ ወደ ቤት መላክ ካለባችሁ ይቅርባችሁ። የእኔ ስምንት ወር ዋጋ፣ በዚያ ጊዜ አገኘው የነበረው ደመወዝ ነው፤ እኔ ሥራ ስላልነበረኝ ረከሰልኝ።

ሁለተኛ፣ ቪዛ። ብዙ አገሮች በምግብና በማደሪያ ልዋጭ መሥራትን እንደ ሥራ ስለሚቆጥሩት በቱሪስት ቪዛ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1971 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረውና ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያለው ዉፍ የተባለው መረብ እንኳ ከእርሻ ጋር ያገናኛችኋል እንጂ ቪዛ አያወጣላችሁም። «የእርሻ ቪዛ አለኝ፣ ይህን ያህል ክፈል» የሚላችሁ ደላላ ካለ ራቁት።

ሦስተኛ፣ በጽሑፍ ጠይቁ፦ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል? ዕረፍት መቼ ነው? የጤና መድኅኑንና የመመለሻ ትኬቱን ማን ይከፍላል? ፓስፖርታችሁንም ለማንም አታስይዙ።

አራተኛ፣ ሽሮ ያዙ።

ኅዳር ላይ ተመለስኩ። አሁን ከእናቴ ጓሮ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣ ትንሽ ክምር አለን። በሩዝ ፋንታ የስንዴ ፉርሽካ፣ ከጎረቤት የዶሮ ኩስ፣ ከዘይት መጭመቂያ የኑግ ፋጉሎ። ቋሚ ሥራ ገና አላገኘሁም፤ ጎመኑ ግን በቅሏል። ባለፈው እሑድ በኩራት እየገለበጥኩ ሳለ እናቴ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ ጎንበስ አለች፤ አንድ እፍኝ ዘግና ጨመቀችው፤ መዳፏን ከፍታ አየችው።

«ውሃ ይቀረዋል» አለችኝ።