በእግራችን አገር አቋርጠን፣ በረዶ ላይ ለምን እንወድቃለን?

መቼም በወደቀ ሰው ይሳቅበታል እንጂ ቶሎ አይታዘንለትም። እኔም የዛሬ ሁለት ዓመት በየካቲት ወር፣ ከቤቴ በራፍ አምስት እርምጃ እንኳ ሳልርቅ በረዶ ላይ ስዘረጋ፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ሕመሜን ማዳመጥ ሳይሆን ያየኝ ሰው መኖር አለመኖሩን መቃኘት ነበር። ደግነቱ ማንም አልነበረም። ልነሳ ስሞክር ግን የቀኝ እግሬ ቁርጭምጭሚት እሺ አላለኝም።

አምቡላንስ እስኪመጣ በጀርባዬ ተንጋልዬ ሰማይ ሰማዩን ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ1985 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከጎንደር ተነስቼ፣ ቀን ጫካ ውስጥ እየተኛሁ ሌሊት እየተጓዝሁ፣ በአርማጭሆ አድርጌ ሱዳን የገባሁት በእነዚሁ እግሮቼ ነው። ያውም በኮንጎ ጫማ። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ወገኖቼ ብዙዎቹ ያንን መንገድ ወይም መሰሉን ያውቁታል። ያን ሁሉ ገደልና ቁልቁለት የተሻገረ እግር፣ እንዴት ቶሮንቶ ላይ አንዲት የቀለጠች በረዶ ትጥለዋለች?

ስደት ታክሲ ነጂ ሳያደርገኝ በፊት ደሴ ላይ የፊዚክስ መምህር ነበርሁ። ተማሪዎቼን ስለ ፔንዱለምና ስለ ሰበቃ ሳስተምር የራሴ እግር የዚያው ትምህርት ማስረጃ መሆኑን ለአንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም። ያስተማረኝ ስብራቱ ነው።

መሄድ ማለት መውደቅ ነው

ቁርጭምጭሚቴ በብረትና በብሎን ተጠግኖ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ወደ ፊዚዮቴራፒስት ተላክሁ። ወላጆቿ ከስሪላንካ የመጡ ወጣት ናት። ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ሄጄ እንድመለስ ጠየቀችኝ። ሄጄ ተመለስሁ። «አጥንትህ ድኗል፣ አንተ ግን ገና አልዳንክም። መሬት መሬቱን እያየህ ነው የምትሄደው፤ መውደቅ ፈርተሃል። መሄድ ማለት ደግሞ መውደቅ ነው» አለችኝ። መጀመሪያ የምትቀልድ መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ እግራችን መሬት ሲረግጥ እንደ ምሰሶ ቀጥ ይላል። ገላችን በዚያ ምሰሶ ላይ ቅስት እየሠራ ወደ ላይ ይወጣና ወደ ፊት ይወርዳል። የግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም ከላይ ታስሮ ከታች ይወዛወዛል፤ የእኛ ፔንዱለም ደግሞ ከታች ተተክሎ ከላይ ይወዛወዛል። ወደ ላይ ስንወጣ ፍጥነታችን ወደ ከፍታ ይለወጣል፤ ስንወርድ ከፍታው መልሶ ፍጥነት ይሆናል። በዚህ መለዋወጥ ከሚያስፈልገን የሜካኒክ ጉልበት ከግማሽ በላይ ይቆጠብልናል። በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ፊት እንወድቅና ሌላኛው እግር ይቀልበናል። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ውሎ ማታ በሰላም የሚገባው ለዚህ ነው።

ታዲያ ከዚህ ጉዞ አብዛኛው የሚከናወነው በአንድ እግር ነው። ሁለቱም እግሮች አንድ ላይ መሬት የሚነኩት በጤነኛ ሰው አካሄድ ከጊዜው አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ ነው። የፈራ ሰውና ያረጀ ሰው ይህን ጊዜ ያራዝመዋል፤ እግሩን ይጎትታል፤ እርምጃው ያጥራል። ይሄ ሲለመድ የዳሌ ጡንቻ ይሰንፋል። የዳሌ ጡንቻ ሲሰንፍ ደግሞ መውደቅ ይከተላል። ፍርሃት ራሱ ይጥላል ማለት ነው።

የማርሽ ቀያሪው ምስጢር

ሩጫስ? ሩጫ ፈጣን እርምጃ ብቻ እንዳይመስልዎ፣ ሌላ አሠራር ነው። በእርምጃ ጊዜ አንዱ እግር ምንጊዜም መሬት ላይ አለ፤ በሩጫ ጊዜ ግን ሁለቱም አየር ላይ የሚሆኑበት ቅጽበት አለ። እግሩም ምሰሶ መሆኑ ይቀርና ሞላ ይሆናል። ሯጭ መሬት ሲረግጥ ከክብደቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን ጫና ያርፍበታል። ያን ጊዜ ከባታችን ወደ ተረከዝ የሚወርደው ወፍራም ጅማት እንደ ጎማ ይለጠጥና ጉልበቱን መልሶ ይሰጠናል። በ1987 የእንግሊዙ ተመራማሪ አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ በመካከለኛ ፍጥነት ለሚሮጥ ሰው ይህ ጅማትና የውስጥ እግር ቅስት ሁለቱ ተደምረው በእያንዳንዱ እርግጫ ከሚመላለሰው ጉልበት ግማሽ ያህሉን አስቀምጠው ይመልሳሉ።

ከእርምጃ ወደ ሩጫ የምንለወጠው በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ምሰሶው አያዋጣም፣ ሞላው ይሻላል። ልኩ በእግር ርዝመት ይወሰናል፤ እግሩ ያጠረ ቶሎ መሮጥ ይጀምራል። አባቱን ተከትሎ ገበያ የሚወርድ ሕፃን ዱብ ዱብ የሚለው ቅብጠት ይዞት አይደለም፤ ፊዚክሱ አስገድዶት ነው።

በሐምሌ 1980 የሞስኮ ኦሊምፒክ ሲካሄድ የሃያ ሁለት ዓመት ጀማሪ መምህር ነበርሁ። ምሩፅ ይፍጠር በ10,000 ሜትር መጨረሻ ዙር ላይ፣ 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ተስፈንጥሮ ወጣ ሲባል በሻይ ቤቱ ውስጥ ወንበር ላይ የቀረ ሰው አልነበረም። ሰዓቱ 27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ ነበር። ቀናት ቆይቶ 5,000ውንም ደገመው። «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው በከንቱ አይደለም።

ማርሹ የት ነበር ቢሉ፣ ፈጣን ሯጭን የሚለየው እግሩን በአየር ላይ ከሌላው ቶሎ ማወዛወዙ አይደለም። በ2000 የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳመለከተው ልዩነቱ ያለው እግር መሬት በሚነካበት በዚያች አጭር ቅጽበት ነው፤ ፈጣኑ ሰው መሬትን ጠንክሮ ይገፋል። ቁመተ አጭሩ ምሩፅም 9,700 ሜትር ከሮጠ በኋላ ጓደኞቹ የሌላቸው ያ መግፊያ ቀርቶለት ነበር።

ምሩፅ በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ነሐስ አገኘ፤ በ5,000 ግን ለውድድሩ ሳይደርስ ቀረ። በ1976 ሞንትሪያል ላይ ይጠበቅ የነበረው ሩጫ አፍሪካውያን ውድድሩን በመተዋቸው ቀረበት። ያኔ ያልሮጠባት ካናዳ ኋላ መኖሪያው ሆነች። በታኅሣሥ 2016 እዚሁ ቶሮንቶ አረፈና አስከሬኑ ወደ አገሩ ተሸኘ። በዚህ ከተማ አስፋልት ላይ የሚረግጥ ሐበሻ ሁሉ ማን ረግጦት እንዳለፈ ቢያስብ ደስ ይለኛል።

ድንቅነሽም በአንድ እግሯ ቆማለች

የመራመድ ነገር ሲነሳ እኛ ባለቤቶች ነን ማለት ይቻላል። በኅዳር 1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር። አንጎሏ ከዝንጀሮ ወገን እምብዛም የማይበልጥ ሆኖ ሳለ፣ የጭን አጥንቷ ግን እንደ እኛው ከዳሌ ወደ ጉልበት ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ጥቅሙም አንድ እግር ሲነሳ ክብደት በቆመው እግር ላይ እንዲያርፍ ነው። የዳሌ አጥንቷም ወደ ጎን ሰፍቶ ገላን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን ጡንቻ ቦታ ሰጥቶታል። የሰው ልጅ ከማሰቡ በፊት መራመዱን አስቀደመ ማለት ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ በአንድ እግር እንድቆም ያዘዘችኝ ይህንኑ ጡንቻ ለማንቃት ነው። የመጀመሪያ ቀን ሦስት ሰከንድ አልሞላሁም። ድንቅነሽን አሰብሁና አፈርሁ!

በረዶውና ሂሳቡ

አሁን ወደ ወደቅሁበት ልመለስ። ተረከዝ ከፊት ሲያርፍ እግራችን ዘንበል ብሎ ስለሚመጣ መሬቱን ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትም ይገፋዋል። መሬቱ በሰበቃ ካልያዘው ተረከዙ ወደ ፊት ያመልጣል፣ እኛ ወደ ኋላ እንጋለባለን። እርምጃው በረዘመ ቁጥር እግሩ ይበልጥ ያዘነብላል፣ የሚያስፈልገው ሰበቃም ይጨምራል። ቸኩዬ ነበር፤ እርምጃዬ ረጅም፣ እጆቼም ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ሂሳቡ ይኸው ነው።

ከሁሉ የከፋው በረዶ ደግሞ በጣም የቀዘቀዘው አይደለም። ከዜሮ በታች ሃያ ሲሆን በረዶው ደረቅ ነው፣ ይይዛል። የሚጥለው ዜሮ አካባቢ ላዩ ቀልጦ ውኃ ያዘለው ነው። ቶሮንቶ ደግሞ ዛሬ አቅልጣ ነገ የምታጋግር ከተማ ናት። «ዛሬ እንኳ ሞቅ ብሏል» ብለን የምንወጣበት ቀን ነው የሚያደባብን።

እዚሁ ከተማ በሚገኘው የቶሮንቶ መልሶ ማቋቋሚያ ተቋም ውስጥ ወለሉ በረዶ የሆነ የምርምር ክፍል አለ። ክፍሉ ቀስ እያለ ያዘነብላል፤ ሰዎች በገመድ ታስረው፣ የሚመረመረውን ጫማ አድርገው እስኪያዳልጣቸው ይሄዱበታል። ቢያንስ 7 ዲግሪ ያዘነበለ በረዶ ላይ የቆመ ጫማ አንድ የበረዶ ኮከብ ይሰጠዋል። በ2016 ውጤቱ ሲወጣ ከ98 ጫማዎች ውስጥ ፈተናውን ያለፈው ከአሥር አንድ አይሞላም ነበር። ዋጋው ውድ ስለሆነ፣ ሶሉም ወፍራም ስለሆነ ብቻ ጫማውን አትመኑት።

ጫማው እስኪገዛ እርምጃን ማሳጠር፣ እግርን በሙሉ መዳፉ ማሳረፍ፣ ጉልበትን ለቀቅ ማድረግ፣ እጅን ከኪስ ማውጣት ያዋጣል። እጅ የሚወዛወዘው ለጌጥ አይደለም፤ እግር ገላን ወደ አንድ ወገን ሲያዞረው እጅ ወደ ሌላው ይመልሰዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የልጅነት ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የለመደውን የግራ ክንዱን አጠፍ ማድረግ ዓለም ሁሉ አይቶታል፤ ያም ሆኖ ክንዱን ኪሱ ውስጥ አልከተተም።

በትርና ኩራት

በጣም ያስቸገረኝ ግን በትሩ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ስትሰጠኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዳንፎርዝ ላይ ወዳጆቼ ፊት በምርኩዝ መታየት! ኋላ ግን ራሴን ታዘብሁት። አባቴ ከቤት ያለ ዱላ ወጥቶ አያውቅም፤ ካህናቱም በመቋሚያቸው ተደግፈው ማኅሌት ይቆማሉ። ዱላ ለእኛ የክብር ዕቃ ነበር። የሽማግሌ ማፈሪያ ያደረገው ስደት ነው።

አያያዙንም ተሳስቼ ነበር። የታመመው እግሬ ቀኙ ስለሆነ በትሩን በቀኝ እጄ ያዝሁት። መያዝ ያለበት ግን በግራ እጅ ነው። በቀኝ እግር ስንቆም የገላችን ክብደት ከዳሌው ወደ ግራ ስለሚሆን፣ የዳሌ ጡንቻ ያንን ለመያዝ አብዝቶ ይጎትታል። በትሩ በግራ ሲሆን ከዳሌው ስለሚርቅ፣ በጥቂት ጉልበት ብዙ ያግዛል። ትልቅ ድንጋይ በረጅም ብረት የፈነቀለ ሁሉ ይህን ያውቃል። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ በትሩን በታመመው ወገን የያዘ ስንት ወገን አየሁ!

ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በ1964 ደግሞ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ዓለምን በእግሩ የረታ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ እንግሊዝ አገር ቀስት ሲወረውር ታየ እንጂ ቤቱ ተደብቆ አልቀረም። ከእርሱ በኋላ እኛ በበትር ማፈራችን ምን ይባላል?

ይህን ሁሉ የምጽፈው በአንዲት ጎረቤቴ እናት ምክንያት ነው። ከአሥራ አራተኛው ፎቅ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ አትወርድም። «ልጄ፣ ብወድቅ ለማን ሸክም ልሁን?» ትላለች። በመስኮት በረዶውን እያየች ስድስት ወር ትቀመጣለች። በየዓመቱ በሚያዝያ ስትወርድ ካምናው ይልቅ ደክማ ነው። እንደ እርሷ ያሉ በየሕንፃው ሞልተዋል። ልጆች ሆይ፣ ለእናታችሁ ቴሌቪዥን ከመግዛት በፊት ደህና ጫማ ግዙላት፤ ክንዳችሁንም ስጧት።

እኔና አራት ጓደኞቼ በበረዶ ወራት ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሱቆቹ ሳይከፈቱ የገበያ አዳራሽ ውስጥ እንዞራለን። ወለሉ ደረቅ ነው፣ ይሞቃል፣ ገንዘብም አይጠየቅበትም። ባለፈው ኅዳር ጎረቤቴን ለምኜ ይዣት ወረድሁ። የመጀመሪያ ቀን ሁለት ሱቅ ያህል ሄዳ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ባለፈው ሳምንት አዳራሹን አንድ ጊዜ ሙሉ ዞረች፤ ምርኩዟም በትክክለኛው እጇ ነበር።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?

ቸር ይግጠመን።

ከቶሮንቶ