ቀድሞ የመጣ ለምን አብዝቶ ይከፍላል?

ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ መንዝ ውስጥ ወዳለችው መሐል ሜዳ የሚሄድ ሰው ታሪፉን ያውቃል። የማያውቀው መኪናው የሚነሳበትን ሰዓት ነው። ረዳቱ «ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ሲገቡ ግን ገሚሱ ወንበር ላይ ነጠላ ወይም ፌስታል ጣል ተደርጎበታል። በመስኮቱ በኩል ከተደረደሩት ወጣቶች አንዳንዶቹም መንገደኞች አይደሉም፤ መኪናው የሞላ እንዲመስል የተቀመጡ ናቸው። እውነተኛው ተሳፋሪ ሲመጣ አንድ በአንድ ይወርዱና ወደሚቀጥለው መኪና ይሻገራሉ።

ይህን ማጭበርበር ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ማጭበርበርነቱ አይካድም፤ ነገር ግን የፈጠረው የዋጋ አሠራራችን ነው። እኛ አገር በአብዛኛው ትኬት የሚገዛው መጓዝን ነው፤ በተወሰነ ሰዓት፣ በተወሰነ ወንበር መጓዝን ግን አይገዛም። ሁለቱ የተለያዩ ሸቀጦች ናቸው። ልዩነታቸውን በደንብ የሚያሳየው ደግሞ ከመንዝ ደጋ እጅግ የራቀ ምሳሌ፣ የአውሮፓ ባቡር ነው።

አውሮፓ ውስጥ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት በብዙ አገር ባቡር የሚያሳፍር ማለፊያ አለ። ከአህጉሩ ውጭ ለሚኖሩት የሚሸጠው ዩሬይል እ.ኤ.አ. በ1959፣ ለነዋሪዎቹ የሚሸጠው ኢንተርሬይል ደግሞ በ1972 የተጀመሩ ሲሆን፣ ዛሬ 33 አገሮችን ያዳርሳሉ። ዋናው መለያ የመኖሪያ አገር ነው፤ ፍራንክፈርት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ኢንተርሬይል ሲገዛ፣ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የሄደች እህቱ የምትገዛው ዩሬይልን ነው። ማለፊያውን የያዘ ሰው ግን ሁሉም ነገር የተከፈለ እየመሰለው ፓሪስ ጣቢያ ላይ ይደነግጣል። የፈረንሳይ ፈጣን ባቡር ያለ ወንበር ማስያዣ አያሳፍርም፤ ማስያዣው እንደ ወቅቱ 10 ወይም 20 ዩሮ ያህል ያስከፍላል። ጣሊያንና ስፔን ፈጣን ባቡሮቻቸው ላይ እንዲሁ ያደርጋሉ። ወደ ለንደን የሚሻገረው ዩሮስታር ከሁሉም ይወደዳል፤ የብሪታንያ ቪዛም ለብቻው ይጠየቅበታል። ጀርመን፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ውስጥ በአብዛኛው ማስያዝ ግዴታ አይደለም። ያላስያዘ ይሳፈራል፤ ባቡሩ ከሞላ ቆሞ ይሄዳል። የሠርግ ጥሪ ወረቀት ዳሱ ውስጥ ያስገባል እንጂ ወንበር እንደማይዝ ማለት ነው።

የባቡር ድርጅቶቹ ይህን የሚያደርጉት ከስስት ብቻ አይደለም። ማለፊያው የሚያስገኘው ገንዘብ ለብዙ ድርጅቶች ስለሚከፋፈል ለእያንዳንዱ ጉዞ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ያው ወንበር ለሌላ ሰው በሙሉ ዋጋ ሊሸጥ ይችል ነበር። ስለዚህ በአንዳንድ ባቡሮች ላይ ለማለፊያ ባለቤቶች የሚለቀቀው ወንበር በቁጥር የተገደበ ነው፤ በበጋ ወራትና በበዓላት ሰሞን ቶሎ ያልቃል። ልጆቻቸው ወይም ዘመዶቻቸው አውሮፓ ላሉ አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል፦ በፈረንሳይ፣ በስፔንና በሌሊት ባቡሮች ላይ ወንበር መኖሩን ሳያረጋግጡ ማለፊያውን አይግዙ። ከሙኒክ ወደ ቪየና ለሚሄድ ግን ይህ ጭንቀት ብዙም አያስፈልግም።

እዚያ ለወንበር እርግጠኝነት ዋጋ ተለጥፎለታል። ቀድሞ የወሰነ ያገኘዋል፤ የዘገየ ወይ ያጣዋል ወይ ይወደድበታል። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል። «ሲሞላ ይነሳል» በሚባለው አሠራር ቀድሞ የመጣ ነው አብዝቶ የሚከፍለው፤ የሚከፍለውም በጊዜ ነው።

ሒሳቡን እንየው። 45 ወንበር ያለው አውቶቡስ በሦስት ሰዓት ውስጥ ይሞላል እንበል፤ ሰዎች እኩል ተራርቀው ይመጣሉ። የመጀመሪያው ሰው ሦስት ሰዓት ይጠብቃል፤ የመጨረሻው ምንም አይጠብቅም። አማካዩ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በ45 ሲባዛ ስድሳ ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ የአንድ ሰው ከስምንት የሥራ ቀን በላይ፣ በአንድ መኪና፣ በአንድ ጠዋት። ታሪፉ ላይ ግን አንድ ሳንቲም አልተጨመረም፤ ስለዚህ «ርካሽ» ይባላል።

የባሰው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ቀድሞ መግባት እንደሚያስቀጣ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ አስተዋዩ ሰው ዕቃውን አስቀምጦ ሻይ ቤት ይቀመጣል፤ ሌላውም እንዲሁ ያደርጋል። መኪናው ባዶ ይመስላል፣ ባዶ ስለመሰለም የሚገባበት ይጠፋል። እነዚያ የተከራዩ ወጣቶች የተፈለጉት ለዚህ ነው። ሥራቸው፣ ሳይታወቃቸው፣ የወንበር ማስያዣ ሥርዓት ሊሠራው የሚገባውን መሥራት ነው፤ መኪናው በቅርቡ እንደሚነሳ ለሰዉ ማሳመን። ልዩነቱ ማሳመኛው ሐሰት መሆኑ ነው።

በዚህ የሚጎዳው ማን ነው? ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለው። በጉን ደብረ ብርሃን ገበያ ሊያደርስ የተነሳ የመንዝ ነጋዴ። ገበያው ሲቀዘቅዝ የደረሰ በግ ከዋጋው ይወርዳል፤ ያን ቅናሽ የትራንስፖርት ወጪ ብሎ የሚመዘግበው የለም። የታርማበርን ዳገት ወጥቶ ወደ መዘዞ፣ ሞላሌና መሐል ሜዳ ለሚታጠፈው መንገደኛ ደግሞ ሰዓት ማለፉ ገንዘብ ብቻ አያሳጣም። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ባለው የክልሉ የጸጥታ ሁኔታ ሳይመሽ መድረስ ትልቅ ነገር ሆኗል።

የባለመኪናውም ወገን ይሰማ። ታሪፍ የሚወጣለት በኪሎ ሜትር፣ በመንገዱ ዓይነትና በመኪናው ደረጃ ነው። ነዳጁ ሃያ ሰው ቢጭንም አርባ አምስት ቢጭንም ያው ነው ለማለት ይቻላል። ግማሽ ባዶ ሆኖ ቢነሳ የሚከስረው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ የባዶ ወንበሩን ሥጋት ለተሳፋሪው ያስተላልፋል። በበዓል ዋዜማ ከታሪፍ በላይ የሚጠየቀውም ሁሉ ዝርፊያ ብቻ አይደለም፤ ወደ አገር ቤት ሞልቶ የሄደ መኪና ሲመለስ ባዶውን ነው፣ የመልሱን ነዳጅ አንዱ መክፈል አለበት። ታሪፉ ግን ይህን አያውቅም። የማያውቀውን ነገር ደላላው ያውቅለታል፤ ያለ ደረሰኝ ያስከፍልበታል። ጋቢና በትውውቅ ይያዛል፣ መተላለፊያው ላይ ዱካ ይደረደራል፤ የተቀመጠው በዱካም ይሁን በወንበር ዋጋው አንድ ነው። የወንበር ገበያ የለንም ማለት ስህተት ነው፤ ያለን በጓሮ በር ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ አገራችን ውስጥ ታይቷል። ሰላም ባስና ስካይ ባስ በረጅም መስመሮች ላይ ቁጥር ያለው ወንበር አስቀድመው ይሸጣሉ፤ ማለዳ በተባለው ሰዓት ይነሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም ወንበርና አልጋን በተለያየ ዋጋ ይሸጣል፤ በመኝታው ክፍል የታችኛው አልጋ ከላይኛው ይወደዳል፣ ማንም አላጉረመረመም። ከመንዝ ተራሮች በታች ባለው ቆላ በኩል ወደ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ የተዘረጋው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የባቡር ሐዲድ መደበኛ መንገደኛ ማመላለስ ሲጀምር ይኸው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ለደጋው ሰው ግን እስከዚያ ያለው አውቶቡሱ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ፤ ትንንሽ ከተሞች ድረስ ሰዉ ለምዶታል። ተሳፋሪው ማታ ከታሪፉ ላይ ጥቂቱን ቀድሞ ከፍሎ ወንበር ይያዝ፤ ከመነሻው ሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ካልተገኘ ወንበሩ ለተረኛ ይሰጥ፣ ቀብዱም ለባለመኪናው ይቅርለት። ጀርመኖችም በሰዓቱ ያልተያዘን ወንበር ለሌላው ይለቃሉ። ባለመኪናው ማታውኑ ስንት ሰው እንዳለው ያውቃል፤ ሁለት መኪና ከሚያሰልፍ አንድ ብቻ ሊያስነሳ ይችላል። ስልክ የሌላቸው ገጠሬዎች እንዳይገፉ ደግሞ ከወንበሩ አንድ ሦስተኛው በመናኸሪያው መስኮት ብቻ ይሸጥ። ለበዓላት ሳምንት የመልስ ጉዞውን ባዶነት ያገናዘበ ሕጋዊ ታሪፍ ይውጣ፤ ደላላው የሚሸጠው ምንም እንዳይኖረው።

ተቃውሞው ከተራ አስከባሪውና ከደላላው እንደሚነሳ ይገባኛል። ከማኅበራቱ አንዳንዶቹም ተራቸው የሚነካ ስለሚመስላቸው አይወዱትም። ስለዚህ ሁሉንም መስመር በአንድ ቀን እንቀይር አልልም። የሰሜን ሸዋ ዞን የትራንስፖርት ኃላፊዎችና የመስመሩ ማኅበራት ከመሐል ሜዳ–ደብረ ብርሃን የጠዋት መኪኖች ሁለቱን ብቻ መርጠው፣ በቁርጥ ሰዓትና በቁጥር ወንበር ሦስት ወር ያስነሷቸው። የእነዚህን ገቢ ሲሞሉ ከሚነሱት ገቢ ጋር ያመዛዝኑና ውጤቱን መናኸሪያው በር ላይ ይለጥፉት።