ሐይቁ ያስቀመጠው ደን

ውርጌሳ ያለው የአያቴ ቤት ሲፈርስ የመሐል ምሰሶው ከሁሉም በኋላ ወደቀ። ጥድ ነው፤ ምስጥ ያልደፈረው፣ ጭስ ያጠቆረው፣ ልጆች ሳለን ዙሪያውን እየተሽከረከርን በእጃችን ያለሰለስነው። አናጢው ጫፉን በመጋዝ ሲቀነጥሰው ከጥቁሩ ሥር ቀይ እንጨት ብቅ አለ፤ ትናንት የተቆረጠ ይመስል ሽታው ግቢውን ሞላው። ቁራጩን አንሥቼ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩና ቀለበቶቹን በጥፍሬ እየነካሁ ከመሐል ወደ ዳር ቆጠርኩ። መቶ አሥራ ሦስት።

አባባ የምንላቸው ጎረቤታችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። "አያትህ ያመጣው ከዚያ ነው" ብለው በምዕራብ በኩል ያለውን ተራራ ጠቆሙኝ። "ሁሉ ጫካ ነበር። እኛ ነን የጨረስነው፣ ልጄ።"

"እኛ ነን የጨረስነው" የሚለውን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ። በትምህርት ቤትም ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው ደን ነበር ተብለን ተምረናል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን የዚህን ቁጥር ምንጭ ተከታትሎ የሚያስተማምን መሠረት እንዳጣበት ያነበብኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ቁራጩን ይዤ የሄድኩት ዛፉ ራሱ የሚለውን ለመስማት ጓጉቼ ነበር።

መጀመሪያ የተማርኩት ቆጠራዬ የማያስተማምን መሆኑን ነው። ብርድ አገር ያለ ዛፍ ውርጭ ሲመጣ ዕድገቱን ያቆማል፤ ብርዱ ሲለቅ ይቀጥላል፤ አንድ ዓመት፣ አንድ ቀለበት። የእኛን ዛፍ የሚያስቆመው ድርቅ ነው። ወሎ ደግሞ በልግም ክረምትም የሚዘንብበት አገር ነው። በበልግ ዝናብ ያደገ ጥድ በሰኔ ሐሩር ቆሞ በሐምሌ እንደገና ከተነሣ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊያበጅ ይችላል። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ጭራሽ ላያበጅም ይችላል። መቶ አሥራ ሦስቱ የመቶ አሥራ ሦስት ዓመት ዕድሜ ነው ማለት አልችልም ነበር።

ቶሚ ዊልስ፣ ዘውዱ እሸቱና ባልደረቦቻቸው የኢትዮጵያን ጥድ ሲመረምሩ የገጠማቸው ይኸው ጥያቄ ነው። አንዱን ዛፍ ከሌላው ጋር ከማስተያየት አልፈው በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ራዲዮካርቦን ለኩ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአየር ላይ የተደረጉት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች በከባቢ አየር ያለውን ራዲዮካርቦን እጥፍ ሊያደርጉት ምንም አልቀራቸውም ነበር። ዛፍ ከአየር የሚስበውን ካርቦን እንጨት ያደርገዋልና የዚያ ዘመን ምልክት ግንዱ ውስጥ ታትሞ ይገኛል። ምልክቱን አግኝቶ ከዚያ ወዲህ ያሉትን ቀለበቶች መቁጠር ነው፤ ቁጥሩ ከዓመታቱ ጋር ከገጠመ ዛፉ ዓመት ቆጣሪ ነው።

ዓመት የሚቆጥር ዛፍ ሲገኝ የሚናገረው ያስደነግጣል። ሞቱማ ቶሌራና ባልደረቦቹ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የዕጣን ዛፎችን ቀለበት ቆጥረው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ላለፈው ግማሽ ክፍለ ዘመን ችግኝ አድጎ ዛፍ እንዳልሆነ አሳዩ። የቆሙት ሁሉ አሮጌዎች ናቸው። ከሩቅ ሲታይ ደን ነው፤ ተተኪ ግን የለውም።

ሆኖም ዛፍ የሚናገረው የራሱን ዕድሜ ነው። የአያቴ ምሰሶ ከመብቀሉ በፊት ያ ተራራ ምን ይመስል እንደነበር ቀለበቱ አይነግረኝም። መልሱን ያገኘሁት ከውርጌሳ በውጫሌ አድርጌ ወደ ደሴ ስመላለስ ሁልጊዜ በማልፍበት ቦታ ነው። ሐይቅ።

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሥር የተኛው ውኃ በየዓመቱ የዙሪያውን አቧራ ይቀበላል። ከዚያ ጋር የዛፎችና የሣሮች የአበባ ብናኝ፣ ከተቃጠለ ጫካም የከሰል ቅንጣት ይረግፍበታል። የብናኟ ውጫዊ ሽፋን እጅግ ጠንካራ ስለሆነ አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ለሺህ ዓመታት ሳትበሰብስ ትቆያለች። ተመራማሪ ረጅም ቱቦ ወደ ወለሉ ሰድዶ ጭቃውን እንደ ምሰሶ ያወጣዋል፤ ከየእርከኑ ቆንጥሮ ማዕድኑን በአሲድ ያሟሟና የቀረውን በማይክሮስኮፕ ያያል። የዝግባ ብናኝ በጎንና ጎኗ አየር የያዘ ከረጢት አላት። የጥድ ብናኝ ከረጢት የሌላት ድብልብል ናት። ሁለቱን ያየ አያምታታቸውም።

ኢያን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር ከሐይቅና ከላይ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ ያወጡትን ጭቃ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተሙ። ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የዝግባና የጥድ ደን የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ነው። አክሱም ገና መንግሥት ሳትሆን ማለት ነው! ከዚያ በኋላ ለ1800 ዓመታት በዙሪያው የነበረው ክትክታና ሣር ነው። ክትክታ የተመነጠረ መሬት ቶሎ የሚወርስ ቁጥቋጦ መሆኑን የወሎ እረኛ ሁሉ ያውቃል።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ደኑ ተመለሰ፤ ጥድ ከወይራና ከቀዋት ጋር። ተመራማሪዎቹ ምናልባት ሕዝቡ ስለተመናመነ፣ ወይም ዝናቡ ስለበረከተ፣ ወይም በሁለቱም ምክንያት ይሆናል ይላሉ። የኢማም አሕመድ ጦርነት በዚህ ዘመን መካከል መውደቁን ሳስብ ያ አረንጓዴ ስንት ቤት ባዶ ከቀረ በኋላ የበቀለ ይሆን ብዬ ዝም እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት እንደገና ተመነጠረ፤ አፈሩም ወደ ሐይቁ ወረደ።

ከአያቴ ዘመን ወዲህ የሆነውን ደግሞ ፎቶግራፍ ይናገራል። ጣሊያናዊው የግብርና ባለሙያ አርማንዶ ማውጂኒ እ.ኤ.አ. በ1937 ወሎን ፎቶ አንሥቶ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ እነዚያን ፎቶዎች ይዞ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደየቦታው ተመለሰና ከዚያው ሥፍራ ቆሞ አነሣ። በስድሳ ዓመት ውስጥ ዛፉ በዝቶ አገኘው። አብዛኛው ገበሬው ራሱ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የዝግባ ደን አይደለም፣ ከሥሩ ሌላ ነገር ማብቀሉም ያጠራጥራል፤ ግን የተከለው እጅ "ጨረስን" እያለ ራሱን የሚወቅሰው ያው እጅ ነው። ይህ ለአባባ መነገር አለበት ብዬ ቆረጥኩ።

ነገርኳቸው። ስለ ቱቦው፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ክትክታው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ከዚያ ተመልሶ በቀለ?"

"ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆመ።"

ከብት እንዳይገባበት ወደተከለለው ቁልቁለት ዞር አሉ። ከድንጋዩ መሐል ጉልበት የማያክል ወይራ፣ ሦስትና አራት ሆኖ ከአንድ ሥር ወጥቶ ይታያል። በከዘራቸው ጠቆሙት።

"ያን አልተከልነውም" አሉ። "ጉቶው ነው ያቆጠቆጠው።"