ንጉሥ ሊር የቱ ላይ ነው የተሳሳተው?

የሼክስፒርን «ንጉሥ ሊር» ያነበበ ወይም በመድረክ ያየ ሰው ታሪኩን ባጭሩ ተናገር ቢባል አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ይህንን ነው። አንድ ያረጀ ንጉሥ መንግሥቱን ለሦስት ሴቶች ልጆቹ ሊያካፍል ፈለገ፤ ማን አብልጣ እንደምትወደው ጠየቃቸው፤ ሁለቱ ሸነገሉት፤ ታናሺቱ እውነቱን ነገረችው፤ እሱም ሸንጋዮቹን አምኖ እውነተኛዋን አባረረ፤ በኋላ ተጸጸተ። ይህ አነጋገር ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ነገሩ ይኸው ብቻ ከሆነ፣ ከማታ ተረት በምን ይለያል? ለነገሩ ከሼክስፒር በፊት ተረት ነበር። በ12ኛው መቶ ዘመን ጄፍሪ ዘሞንመዝ የጻፈው የብሪታንያ ነገሥታት ታሪክ ውስጥ ይገኛል፤ ስሙ ያልታወቀ ደራሲ የጻፈው ሌላ ተውኔትም በ1605 ታትሟል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በእነዚህ ትረካዎች ንጉሡ በታናሽ ልጁና በባሏ ርዳታ ወደ ዙፋኑ ይመለሳል። ሼክስፒር ግን ይህንን ፍጻሜ ጣለው። የእሱ ተውኔት ታኅሣሥ 26 ቀን 1606 በንጉሥ ጄምስ ፊት በኋይትሆል ቤተ መንግሥት ሲታይ፣ መድረኩ ላይ የቀረው የአባትና የልጅ ሬሳ ነበር።

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ እንጂ የሥነ ጽሑፍ ሰው አይደለሁም። ይሁን እንጂ ይህንን ተውኔት ደጋግሜ ባነበብኩት ቁጥር «ንጉሡ በሽንገላ ተታለለ» የሚለው ፍቺ እየጎደለብኝ መጥቷል። ምክንያቴን ላስረዳ።

ተውኔቱ የሚከፈተው በሊር አይደለም። ኬንትና ግሎስተር የሚባሉ ሁለት መኳንንት ቆመው ያወራሉ። የሚያወሩትም ንጉሡ ለሁለቱ አማቾቹ፣ ለኦልባኒና ለኮርንዎል መሳፍንት፣ የመደበው ድርሻ አንዱ ከአንዱ እንዳይበልጥ ተደርጎ ስለ መመጠኑ ነው። ልብ በሉ፤ ሴት ልጆቹ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ክፍፍሉ አልቋል! ቀጥሎ ንጉሡ ካርታውን አስዘርግቶ ጥያቄውን ያቀርባል። ታላቂቱ ጎነሪል ተናግራ እንደ ጨረሰች፣ የሌሎቹን ሳይሰማ ድርሻዋን ይሰጣታል። ሁለተኛዋ ሪጋንም እንዲሁ። ፈተና ቢሆን ኖሮ የሁሉም መልስ እስኪሰማ በተጠበቀ ነበር። ለታናሺቱ ለኮርዲሊያ የቀረው ደግሞ ከሁሉ የለማው መሬት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሥነ ሥርዓት እንጂ ጥያቄ አልነበረም። ሊር ማን እንደሚወደው ያውቃል። የእርጅና ዘመኑን ከኮርዲሊያ ጋር ለመኖር አስቦ እንደነበር ራሱ ይናገራል፤ ጎነሪልም ቢሆን አባቷ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው እሷን እንደነበር ለእህቷ ትነግራታለች። የልቡ ፍርድ ትክክል ነበር ማለት ነው።

ታዲያ የቱ ላይ ተሳሳተ? ፍቅርን በአደባባይ፣ ሽልማት አስቀምጦ፣ ሊለካ ሲነሳ ነው። በእኛ ሙያ የመለኪያ መሣሪያ የሚለካውን ነገር እንዳያዛባ ብዙ እንጠነቀቃለን። በአንዲት ስኒ ቡና ውስጥ ትልቅና ቀዝቃዛ ቴርሞሜትር ብትነክሩ፣ የምታነቡት ቡናው የነበረውን ሙቀት ሳይሆን መሣሪያው ያቀዘቀዘውን ነው። ሲሶ መንግሥት የተንጠለጠለበት «ትወጂኛለሽ ወይ?» የሚል ጥያቄም እንደዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መልስ፣ ማንም ይመልሰው ማን፣ ስለ ፍቅር ምንም አይነግርም።

ስለ ኮርዲሊያ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንደ ቅድስት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ልጅ አባቷን መውደድ የሚገባትን ያህል እወድሃለሁ፣ ሳገባ ግን የፍቅሬ ግማሽ ለባሌ ይሆናል ስትል የምትሰጠው መልስ እውነት ነው፤ እውነት ቢሆንም ግን እሷም በሚዛን ነው የተናገረችው። ግማሽ አለች! ይህንንም ያለችው ከሰማንያ ዓመት በላይ ለሆነው አባቷ፣ በመኳንንቱ ፊት፣ ሊያጯት የመጡ ሁለት እንግዶች ውጭ እየጠበቁ ባሉበት ሰዓት ነው። ሽማግሌን በሰው ፊት ማሳፈር ነውር በሆነበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ ትዕይንት ከእንግሊዙ አንባቢ ይልቅ ይጎረብጠናል ብዬ አስባለሁ። ከእጮኞቹም አንዱ፣ የበርገንዲው መስፍን፣ ጥሎሽ እንደሌላት ሲሰማ ይተዋታል። ያለ ምንም ጥሎሽ የሚወስዳት የፈረንሳይ ንጉሥ ብቻ ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሚዛን ያልያዘ ሰው እሱና፣ ለኮርዲሊያ ጥብቅና ቆሞ የተሰደደው ኬንት ናቸው።

ሁለተኛው ስሕተት ሥልጣኑን ሰጥቶ ክብሩን ልያዝ ማለቱ ነው። ሊር ከ100 ባላባት ወታደሮች ጋር አንድ ወር በጎነሪል ቤት፣ አንድ ወር በሪጋን ቤት እየተፈራረቀ ሊኖር ወሰነ። ይህንን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ የሚታየኝ በስደት ያለው የእኛው ኑሮ ነው። እናት ከአገር ቤት ትመጣለች፤ ሁለት ወር ሜሪላንድ፣ ሁለት ወር ሲያትል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ለንደን። ሻንጣዋ ሳይፈታ ከልጅ ወደ ልጅ ትዞራለች፤ በስልክ የሚደረገው የወንድማማቾች ንግግርም «የአንተ ተራ መቼ ነው?» እየሆነ ይሄዳል። ማንም ክፉ ሳይሆን። ጎነሪልም ክፉ ሳትሆን የጀመረች ይመስለኛል። መቶ የታጠቀ ሰው በቤቷ ሲበላና ሲጠጣ ማማረሯ ያለ ምክንያት አልነበረም። ፒተር ብሩክ በ1962 ተውኔቱን ሲያዘጋጅ ወታደሮቹ በእርግጥም ቤቱን ሲያተራምሱ እንዲታይ አድርጓል፤ እኔም ትክክል ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ጊዜ ጥያቄው ማን ጥሩ ማን መጥፎ ነው ከሚለው ያልፋል።

ከዚያ ሒሳቡ ይጀመራል። ጎነሪል ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግማሾቹን ወታደሮች ታስቀንሳለች። ሊር ተቆጥቶ ወደ ሪጋን ይሄዳል፤ ሪጋን 25 ብቻ ይዘህ ና ትለዋለች። በዚህ ጊዜ ንጉሡ የሚናገረው ነገር የተውኔቱ ቁልፍ ነው። ወደ ጎነሪል ዞሮ፣ ያንቺ 50 የእሷ 25 እጥፍ ስለሆነ ፍቅርሽም እጥፍ ነው ይላታል። በገዛ ልጆቹ ፊት የራሱን ሚዛን ይዞ ቆሟል! እነሱም ያስተማራቸውን አልረሱም፤ ከ25 ወደ 10፣ ወደ 5 ያወርዱትና በመጨረሻ አንድስ ምን ያደርግልሃል ይሉታል። በዚያ ሌሊት በዝናብና በመብረቅ ውስጥ ሜዳ ላይ ወጣ፤ አእምሮውም ተናወጠ።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። ሊር ጎነሪልን መካን ሁኚ ብሎ ይረግማታል። የፈረንጅ ተማሪ ይህንን እንደ ቁጣ ቃል አንብቦ ሊያልፈው ይችላል። የወላጅ ምርቃትና እርግማን ምን ያህል ክብደት እንዳለው እያየን ላደግን ግን የሚታለፍ አይደለም። በአራተኛው ገቢር ኮርዲሊያ ጦር ይዛ ከፈረንሳይ ተመልሳ አባቷን ስታገኘው ምን እንደምትለምነው አስተውሉ። እጁን ጭኖ እንዲመርቃት ነው የምትለምነው። እሱ ግን ሊንበረከክላት ይሞክራል፤ እሷ ትከለክለዋለች። እህቶችሽ ያለ ምክንያት በደሉኝ፣ አንቺ ግን ልትጠዪኝ ምክንያት አለሽ ሲላት፣ ምንም ምክንያት የለኝም ብላ ትመልስለታለች። እንደ እውነቱ ምክንያት ነበራት። እውነት ካልተናገርኩ ብላ ርስቷን ያጣችው ልጅ እዚህ ጋ መቁጠር ትታለች።

የግሎስተር ታሪክ በጎን ይሄዳል። ዲቃላው ልጁ ኤድመንድ በሐሰት በጻፈው አንድ ደብዳቤ ታላቁን ልጁን ኤድጋርን ያሳድዳል፤ ኋላም ሁለት ዓይኖቹን ያጣል። ሼክስፒር ታሪኩን በሁለት ቤት የደገመው ጥፋቱ የአንድ ግልፍተኛ ንጉሥ ጠባይ ብቻ ነው እንዳንል ይመስለኛል።

ፍጻሜውን ብዙዎች አልቻሉትም። በ1681 ኔሐም ቴት ኮርዲሊያ ከሞት ተርፋ ኤድጋርን እንድታገባ አድርጎ ተውኔቱን እንደ ገና ጻፈው፤ የእንግሊዝ መድረክም ለ150 ዓመት ያህል ያሳየው ይህንኑ ነበር። ሳሙኤል ጆንሰን የኮርዲሊያ ሞት በጣም ስላስደነገጠው፣ አርታዒ ሆኖ እስኪገደድ ድረስ የመጨረሻዎቹን ትዕይንቶች መልሶ እንዳላነበበ ጽፏል። ማክሬዲ የሚባለው ተዋናይ የሼክስፒርን ጽሑፍ ወደ መድረክ የመለሰው በ1838 ነው። የሚያስቆጣው ሞቷ ብቻ ሳይሆን አሟሟቷም ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ ኬንት መጥቶ ንጉሡ የት ነው ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ አሸናፊዎቹ እስረኞቹን ረስተዋቸዋል። የማዳኛው ትእዛዝ ሲላክ እሷ ተሰቅላለች።

ጽሑፉም ሁለት ነው። በ1608 የታተመው በ1623 ከታተመው ውስጥ የሌሉ ወደ 300 የሚጠጉ መስመሮች አሉት፤ የኋለኛውም የራሱ የሆኑ ወደ 100 አሉት። በኋለኛው ሊር ሲሞት ከንፈሯን እዩ ይላል፤ ትተነፍሳለች ብሎ አምኖ ይሁን አይሁን ተመልካቹ ይፍረድ። በሁለቱም ግን መቶ ወታደር ካልተከተለኝ ያለው ሰው በመጨረሻ የለመነው አንዲት ቁልፍ እንዲፈቱለት ነው፤ ሲፈቱለትም ያመሰግናል።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን በአማርኛ ስለሰጠን ሼክስፒር ለቴአትራችን እንግዳ አይደለም። ሊርን በፊልም ማየት ለሚሻ የሩሲያው ኮዚንትሴቭ በ1971 የሠራው አለ፤ ሙዚቃው የሾስታኮቪች ነው። የጃፓኑ ኩሮሳዋ በ1985 የሠራው «ራን» ደግሞ ሴቶቹን ልጆች በወንዶች ተክቷቸዋል። ከሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው የኮዚንትሴቭን እመርጣለሁ።